ለመርዶ ነጋሪው መርዶ

«ግመሏ ገመዷን በጥሳ ሄደች» ሳይሉ አልቀሩም አማቴ፣ የባለቤቴ አባት። ወይም ጭልፊት ነበር፤ እንጃ። ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ንግግር ግማሹ ጠፍቶብኛል። የማስታውሰው አዲስ ምራት ሆኜ፣ ሻሼን እስከ ቅንድቤ ስቤ፣ ከመጋረጃው ጀርባ መቆሜን ነው። አማቴ ከጎረቤታችን ከሳቲባልድ ፊት ተቀምጠው የሻይ ስኒያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ከዚያስ?» አለ ሳቲባልድ።

«ከዚያማ ተከተልናት። ዱካዋ ወንዙ ድረስ አለ። ከወንዙ ማዶ የለም።»

ሳቲባልድ ስኒውን አስቀመጠ። «ውሃው ሞልቶ ነበር?»

«ሞልቶ ነበር።»

ሰውየው ቆቡን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። «ሞተ» የሚል ቃል በዚያ ቤት አልተነገረም፤ አባትየው ግን ልጁ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ እንደቀረ አወቀ። ያወቀውም አንድ እርምጃ በአንድ እርምጃ፣ ራሱ እየጠየቀ ነው። ከዚያ በኋላ አማቴ ምን እንዳሉት ረስቼዋለሁ።

በእኛ በተራራው ሰዎች ዘንድ መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። በቀጥታ የሚናገር የለም። ሦስት መንደር ሰው ሲሞትበት አማቴን ነበር የሚጠራው። ፈረስ ጭነው ይወስዷቸዋል፤ ሲመለሱ ራት ሳይበሉ ይተኛሉ። «የቃል ሐኪም» ይላቸው ነበር ሰው።

አሁን ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ከሁለት ክረምት በፊት አንድ ነገር አየሁ። ጎረቤታችን ቡሩልቻ ሴት ልጇን ድራ ቤታችን ገባችና፣ «እንግዲህ አባባ፣ ወፌ በረረች፣ ጎጆው ባዶ ቀረ» አለቻቸው።

አማቴ ዞር ብለው፣ «በሩን ማን ከፍቶ ተወው?» አሏት።

ቡሩልቻ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። መንደሩም ሳምንት ሙሉ ያንኑ ሲቀባበል ከረመ፤ ሽማግሌው ዛሬም ምላሳቸው አልዶለዶመም ተባለ። እኔ ግን ዓይናቸውን አይቼ ነበር። መልስ እየጠበቁ ነበር፤ ስለ በሩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ማዳመጥ ጀመርኩ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ የቀረውን የለቀምኩት ከሬዲዮ፣ ከተዘጋው ቤተ መጻሕፍት ከተጣሉ መጻሕፍት፣ ይበልጡንም ከሰው አፍ ነው። አማቴ የሚረሱት ነገር አልነበረም። ሰባት ቤት ትውልዳቸውን ይቆጥራሉ። ሰላታቸው አይዛነፍም። የትኛዋ በግ መቼ እንደምትወልድ ከባለቤቴ ቀድመው ያውቃሉ። እንዲያውም ተረትና ምሳሌውን እንደ ድሮው ያዘንቡታል፤ ዕድሜ ልካቸውን የተናገሩት ስለሆነ እንዳለ ከአፋቸው ይወጣል። ሌላ ሰው አዲስ ምሳሌ ሲያመጣላቸው ግን ደጅ ላይ እንደቆመ እንግዳ ይሆናሉ። ቃሉ ሌላ ቃል አዝሎ ሲመጣ ያዘለውን እንጂ የታዘለውን አያዩትም።

ናሪን ከተማ ለዓይናቸው ስወስዳቸው ነርሷን ቀስ ብዬ ጠየቅኋት። «ይሆናል፣ እህቴ» አለችኝ። «አንዳንዱን ዕድሜ እንዲህ ያደርገዋል። አንዳንዱ ደግሞ በዘጠና ዓመቱም ከኔና ካንቺ የተሻለ ቅኔ ይፈታል። በአጭሩና በቀጥታ አናግሪያቸው።»

እኔም እንዲያ አደረግሁ። እንግዳ ሲመጣ ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ሻይ እቀዳለሁ። አንዱ «ዘንድሮ ማጀታችን ነፋስ ገባው» ሲል፣ ስኒውን ሳቀብላቸው በጆሯቸው «እህል አልቆባቸዋል» እላለሁ። እሳቸውም ራሳቸውን ይነቀንቁና አንድ ጆንያ ዱቄት እንዲሰጠው ያዛሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልነቃም፤ ባለቤቴ እንኳ። ስማቸውን ጠበቅሁላቸው ብዬ በልቤ ፈጣሪዬን አመሰግን ነበር። ስማቸውን ስጠብቅ ለራሴ ጉድጓድ እየቆፈርኩ እንደነበር የገባኝ በኅዳር፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም በሩሲያ አገር የሞተ ጊዜ ነው።

እኛ ዘንድ ምራት የባሏን ታላላቆች በስማቸው አትጠራም። ራሷ ስም ታወጣላቸዋለች። እኔ የመጣሁ ዕለት ይህ ሰው በግራጫ ፈረስ ከፊት እየጋለበ ስለተቀበለኝ «ፈረሰኛው ጋሼ» ብዬው ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት በሌላ ስም ጠርቼው አላውቅም። ኖቮሲቢርስክ ከተማ የሕንፃ ጥበቃ ነበር። ደረጃ ሲወጣ ወደቀ አሉ።

ባለቤቴ ሬሳውን ከቢሽኬክ አውሮፕላን ማረፊያ ሊቀበል ጎህ ሳይቀድ ወጣ። ለአባቱ «ከብት ልገዛ» አላቸው። እኔን በር ላይ ያዘኝና፣ «ኦስሞናሊ አባ በጠዋት መጥተው ይነግሩታል። እኔ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ፣ ከአሥር ሰላት በፊት እደርሳለሁ» አለኝ።

«እሺ» አልኩ። የቀረውን መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም።

ለሬሳው የሱፍ ድንኳን ግቢያችን ውስጥ መተከል አለበት። ሬሳው ሲመጣ አባት ከድንኳኑ ደጅ በትሩን ተደግፎ ቆሞ ጮክ ብሎ እያለቀሰ ይቀበላል። ግን አባት ሳይነገረው ድንኳን አይተከልም፤ ሴቶችም አያለቅሱም። ስለዚህ ድንኳኑ በጭነት መኪና ላይ እንደተጫነ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ተደብቋል። ሴቶቹ ጥቁር ሻሻቸውን በጉያቸው ይዘው ቡሩልቻ ቤት ታጭቀዋል። መንደሩ በሙሉ አፉን ይዞ የእኛን ቤት ይጠብቃል። እሳቸው በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ «ዛሬ መንገዱ ጭር ያለው ምነው? ሰው የት ገባ?» ይሉኛል።

ኦስሞናሊ አባ ሁለት ሽማግሌዎችና ወጣቱን ኢማም ታላይን አስከትለው መጡ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የመርዶን ወግ የተማሩት ከአማቴ ነው። ቂጣና ቅቤ አቀረብኩ። ስለ በረዶው አወሩ፤ ስለ ድርቆሽ አወሩ። ከዚያ ኦስሞናሊ አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ካልማት፣ አንድ ንስር ነበረ። ከአለቱ ሁሉ ከፍ ያለው አለት ላይ ነበር ማረፊያው።»

«የማን ንስር?» አሉ አማቴ።

«የአንተው ነው እንበል።»

«እኔ ንስር ማሠልጠን ከተውኩ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ፣ ኦስሞናሊ። አንተም ታውቃለህ፤ የመጨረሻዋን አብረን ነው የለቀቅናት።»

ኦስሞናሊ አባ ከንፈራቸውን ላሱ። «ይህ ሌላ ነው። ከትናንት ወዲያ ክንፉን ዘረጋና ወደ ላይ ወጣ። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ። አሁን ማረፊያው ባዶ ነው።»

አማቴ አሰቡ። በእውነት አሰቡ፤ ግንባራቸው ተቋጠረ። «ርቦት አይደለም ማለት ነው። የጠገበ ንስር ነው እንዲያ የሚወጣ። የበግ ሳንባ በውሃ አጥባችሁ ማረፊያው ላይ አስቀምጡለት። ከሦስት ቀን በኋላ ይመለሳል።»

አንደኛው ሽማግሌ አንገቱን ደፋ። እኔ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ደረቅሁ። ሌላ ቀን ቢሆን በጆሯቸው ሹክ እላቸው ነበር። ግን ይህን እንዴት ነው ሹክ የሚሉት?

«አይመለስም፣ ካልማት» አሉ ኦስሞናሊ አባ፣ ድምፃቸው እየሰለለ። «የቤትህ ዋልታ ነው የወደቀው። ዋናው ምሰሶ ነው የተሰበረው።»

አማቴ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቤት ጡብ አይደለም እንዴ? ውጪና ጣሪያውን እዪ እስቲ። በረዶው ከብዶት እንደሆነ።»

ምን ላድርግ? ወጣሁ። ሽማግሌዎቹም ሰበብ ፈልገው ተከትለውኝ ወጡ። ቡሩልቻ ሁኔታውን ልታይ አጥሩን ዘላ መጥታ ኖሮ ሁላችንም በረቱ ጥግ ተገናኘን።

«ገብቶታል» አለ ኢማም ታላይ። «ገብቶታል፣ መቀበል አቅቶት ነው የሚገፋው። አባት አይደለም እንዴ?»

«ካልማት የመጀመሪያው ቃል ላይ ነው የሚገባው» አሉ ኦስሞናሊ አባ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። የንስሩ ነገር ለወጣት ነበር የሚሆነው። እኔ ግን ለአምሳ ስድስት ዓመት ሰው…»

መሬት መሬት እያየሁ፣ «አባባ አልገባቸውም» አልኩ።

«ምን?»

«ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በምሳሌ የሚነገር አይገባቸውም። በቀጥታ ሲነገራቸው ሁሉንም ያውቃሉ። እኔ ነበርኩ ከጎናቸው ሆኜ የምፈታላቸው።»

በረቱ ውስጥ ጥጃ ጮኸ።

«እንዴት ያለ ዘመን ነው!» አለች ቡሩልቻ። «አማቷ እልፍኝ ተቀምጠው፣ ምራት ግቢ ውስጥ ጅል አደረገቻቸው።»

«ጅል አላልኩም፣ ቡሩልቻ።»

«የኔን ወፍ ጊዜ ያሉትንስ? አገር የሳቀበትን?»

«ያኔም አልገባቸውም ነበር።»

ኦስሞናሊ አባ ተቆጡ። «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ። ይህን የምናገረውን ቋንቋ እኮ ያስተማረኝ እሱ ነው። እሱ ካልገባው እኔ ምኑን ነው የያዝኩት?» አሉና ዘወር ብለው ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«እንግዲያው በቀጥታ ይነገራቸዋ» አለ ኢማሙ። «ሃይማኖታችን አይከለክልም።»

«ማን ነው የሚናገረው? አንተ?»

«እኔ… እኔማ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ኦስሞናሊ አባ።»

«እኔም ሰባ ስድስት ነኝ፣ ግን ለአባት ፊት ለፊት ‹ልጅህ ሞተ› ብዬ አላውቅም። የኛ መንደር እንዲህ ያለ አንደበት አላበቀለም፤ ሲያበቅልም እኔ አልጀምረውም። ቀጥታ የተነገረ መርዶ ቢላ ነው። እንደገና እገባለሁ። በግመል እጀምራለሁ።»

ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ነው። ኮችኮር ከተማን አልፈው የዶሎንን አቀበት መውጣት ጀምረዋል። «ነገራችሁት?» አለኝ። ከኋላው የወንድሙ ሚስት ስትንሰቀሰቅ ይሰማል። «አሁን ነው» አልኩና ዘጋሁ። ሦስት ሰዓት ቢቀረን ነው። ድንኳን ለመትከል ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል።

ኦስሞናሊ አባ በግመል ጀመሩ፤ በግመልም አልሆነም። አማቴ የግመሏን ዕድሜ ጠየቁ፤ የጠፋችበትን ሜዳ ጠየቁ፤ ሁለት ሰው በፈረስ እንልካለን አሉ። ከዚያም ትዕግሥታቸው አልቆ፣ «እናንተ ሰዎች ዛሬ ምን ሆናችኋል? ንስሩም ግመሉም አንድ ላይ ይጠፋል? ሌባ ገብቶባችሁ እንደሆን ለፖሊስ ተናገሩ» አሏቸው። ሽማግሌዎቹ እየተደናቀፉ ወጡ። በሩን ዘጋሁ።

በሩ ሁሉ የተዘጋው እኔ ላይ ነበር። ብናገር ምራት ሆኜ የማይነገረውን ተናገርኩ፤ ያውም የታላቄን ስም ጠርቼ። ዝም ብል እኚህ ሽማግሌ የልጃቸውን ሞት የሚሰሙት መንገድ ላይ ከሚጮኹ ሴቶች ነው፤ በመስኮት፣ ብቻቸውን ተቀምጠው። ከዚህ የከፋ ነገር ለአባት አላውቅም።

ወደ ጓዳ ገባሁ። ውዱእ አደረግሁ፤ ውሃው እንደ መርፌ ይወጋል። በዱቄት ጆንያዎቹ መካከል ምንጣፌን ዘርግቼ ሁለት ረከዓ ሰገድኩ። ምልክት አልጠየቅሁም። ድምፄ እንዳይሰበር ብቻ ለመንኩ፤ ከተሰበረ ቃሉ ግልጽ አይሆንላቸውማ።

ገብቼ ከፊታቸው ተንበረከክሁ። ከጎናቸው አልነበረም፤ ከፊታቸው።

«አባባ፣ ስለ ፈረሰኛው ጋሼ ልነግርዎ ነው።»

«ስለማን?»

«ስለ ፈረሰኛው ጋሼ። ኖቮሲቢርስክ ስላለው።»

«ፈረስ የሚጋልብ እዚያ ማን አለ?»

ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ስም በዚህ ቤት ስጠራ ኖሬ፣ ሰውየው ማን እንደሆነ ከእሳቸው ልብ ጠፍቶ ነበር። ከመቼ ጀምሮ? ስንት ጊዜ «ፈረሰኛው ጋሼ ደወለ» ብያቸው፣ ዝም ብለው ራሳቸውን ነቅንቀው ይሆን?

«ሻይሎቤክ ሞተ፣ አባባ» አልኩ። «ልጅዎ ሻይሎቤክ። ከትናንት ወዲያ፣ ሥራ ቦታው። ልቡ ነው አሉ። ትንሹ ልጅዎ ሬሳውን ይዞ እየመጣ ነው። ከአሥር ሰላት በፊት ይደርሳሉ።»

አልጮኹም። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተከፍቶ ቀረ። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ጢማቸው ላይ ነበር፤ ጢማቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። «ኢና ሊላሂ» አሉ፣ እስከ መጨረሻው፣ አንድ ፊደል ሳይሳሳቱ። እኔም ተከትያቸው አልኩ።

ከዚያ፣ «ስሙን ጠራሽ» አሉኝ።

«ጠራሁ፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ባትጠሪው አላውቅም ነበር።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ታጥቧል?»

«እዚያ ሙስሊሞች አጥበውታል። እዚህም ይታጠባል።»

«ሚስቱስ?»

«አብራ እየመጣች ነው።»

ከግቢ የኦስሞናሊ አባ ድምፅ ይሰማል፤ ለብቻቸው እንደ ተማሪ ቃል እየደጋገሙ ነው። አማቴ ወደ በሩ ዞሩ።

«እነዚህ ሰዎች ጠዋት ይህንን ሊነግሩኝ ነው የመጡት?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ንስሩ እሱ ነበር?»

«እሱ ነበር።»

«ግመሏም?»

«ግመሏም።»

ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር የልጃቸውን ሞት ስነግራቸው እንኳ አላየሁትም ነበር። ከመርዶው ይልቅ ይህ የከበዳቸው መሰለኝ፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ተሳስቼ ይሆናል። «ስንት ጊዜ ሆነኝ?» አሉ።

«ሁለት ክረምት።»

«ሰው ያውቃል?»

«ዛሬ ነገርኳቸው። ሌላ መንገድ አጣሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጣሪያውን እዪ ስልሽ ወጣሽ» አሉ። «ታውቂ ነበር፣ ወጣሽ።» ተቆጥተው ይሁን አዝነው አልለየሁም። ከዚያ በትራቸውን ፈለጉ። «ልውጣ። ድንኳኑን ይትከሉ። ምን ይጠብቃሉ?»

በትሩን አነሳሁ፤ አልሰጠኋቸውም። «ኦስሞናሊ አባ ይግቡ፣ አባባ።»

«ለምን? ነገርሽኝ እኮ።»

«እኔ ነኝ የነገርኩዎት። እሳቸው አልነገሩዎትም። አሁን እንዲህ ከወጡ፣ ለአስተማሪያቸው መርዶ መናገር ያቃታቸው ሰው ሆነው ይቀራሉ። ከእንግዲህም ወጣቶቹ ‹በቀጥታ ይነገር፣ ለሽማግሌውም የተነገራቸው በቀጥታ ነው› ይላሉ። ነገ ለሌላ አባት፣ በስልክ ይነግሩታል።»

«አንቺስ ምን ይሉሻል?»

«እኔን የሚሉትን ብለዋል።»

በትሩን ከእጄ ሳይወስዱ ያዙት። ሁለታችንም ይዘነው ቆየን።

«ንስሩን አልፈልግም፣ ልጄ» አሉ። «ልጄ ንስር አልነበረም። ጥርሱን ያመው ነበር። ሾርባ በደንብ ካልፈላ አይበላም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ቢነግሩኝም አይገባኝም። ዝም ብዬ ስለ ወፍ ነው የምሰማው። የት ላይ እንደማለቅስ እንዴት አውቃለሁ? ያለ ቦታው ባለቅስ ያፍራሉ፤ ጨርሰው ስጠብቃቸውም ያፍራሉ።»

«ከጎንዎ ሻይ እየቀዳሁ እሆናለሁ። ቃሉ ሲደርስ እጅዎን እይዛለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ምራት የአማቷን እጅ በእንግዳ ፊት አትይዝም። «በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

ውጭ የጭነት መኪናው ሞተር ሲነሳ ተሰማ፤ አንዱ ትዕግሥት አልቆበት ይሆናል፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ኦስሞናሊ አባ በሩ ሥር ሆነው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አማቴ በትሩን ለቀቁት። ነጩን ቆባቸውን አስተካክለው ጫኑ፤ ፊታቸውን በሁለት መዳፋቸው ጠረጉ፤ ፍራሹ ላይ ቀጥ ብለው፣ ጠዋት በተቀመጡበት ቦታ ተቀመጡ።

«ኦስሞናሊን ጥሪው» አሉ። «ከመጀመሪያው ይጀምር። እሰማዋለሁ።»